የኋላ መቀመጫ

ጄኔራሉ በዓመት አንድ ቀን አብራሪ ነበር። በቀረው ጊዜ ስለ አብራሪነት የሚናገር ሰው ነበር፤ ይህ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ አፍ እንጂ ክንፍ አይጠይቅም። ደንቡ ግን ደንብ ነውና ደረቱ ላይ የክንፍ ምልክት ያደረገ ሁሉ፣ ጄኔራልም ይሁን መቶ አለቃ፣ በየዓመቱ አውሮፕላን አስነስቶና አሳርፎ ችሎታውን ማሳየት አለበት። ያቃተው ክንፉን ፈትቶ ያስረክባል። ጄኔራሉ ክንፉን ከሚያስረክብ ጆሮውን ቢቆርጡት ይመርጥ ነበር። ደረቱ ላይ የተደረደረው ሜዳሊያ ሁሉ ከወንበር ላይ የተለቀመ መሆኑን ሆዱ ስለሚያውቅ ይመስላል፣ በየጠዋቱ በመሀረብ የሚወለውለው ያችን ክንፍ ብቻ ነበር።

በዚያች የዓመት ቀን ከኋላው የሚቀመጠው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው፤ የበረራ ማሰልጠኛው ኃላፊ ኮሎኔል። ኮሎኔሉ የጄኔራሉን ታናሽ እህት ያገባ አማች ነው። ግን ለዚያ ወንበር ያበቃው ዝምድናው አይደለም። ዝምታው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማሰልጠኛ አውሮፕላን ሁለት መቀመጫ አለው፤ ተማሪ ከፊት፣ አስተማሪ ከኋላ። በሁለቱም ፊት መሪ ዘንግ አለ፤ አንዱ ሲነቃነቅ ሌላውም አብሮት ይነቃነቃል። አስተማሪው ተማሪውን አምኖ ሲለቅለት ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ የመስታወቱን ክዳን ጠርዝ ይይዛል። ከፊት ያለው በትንሿ መስታወት ያየዋል፣ መሬት ላይ የቆመውም ያየዋል። «እኔ አልነካሁም፣ የራሱ ሥራ ነው» ማለት ነው። መልሶ ለመረከብ ከፈለገ ደግሞ ጮክ ብሎ «የኔ ነው!» ማለት አለበት። ይህን ቃል ሳይናገሩ ዘንግ መንካት በአብራሪዎች ዘንድ ከነውርም በላይ ነው። ሁለት ሰው ሳይነጋገር አንድ አውሮፕላን ከነዳ ሁለቱም ይቀበራሉና።

ኮሎኔሉ ግን ያን ሁሉ ዓመት ሁለት እጁን ሰቅሎ፣ ዘንጉን በሁለት ጉልበቱ መሃል ይዞ፣ አማቹን ሲያሳርፍ ኖረ። «የኔ ነው» ያለበት ቀን የለም።

መጀመሪያውስ ሆን ብሎ አልነበረም። ያኔ እሱ ገና ሻምበል ነው፣ ጄኔራሉም ጄኔራል አልሆነም፤ ከረጅም የቢሮ ሥራ በኋላ ክንፉን ሊያድስ የመጣ መኮንን ነበር። የአየር ኃይሉ አዛዥ ከነጭፍሮቹ ዳር ቆሞ ይመለከታል። ሻምበሉም ለአዛዡ እንዲታይ ብሎ እጁን ቀደም አድርጎ ሰቀለ። አውሮፕላኑ ወደ መንደርደሪያው ሲቃረብ ከፊት ያለው ሰውዬ ፍጥነቱን ጥሎ፣ አፍንጫውን ቀና አድርጎ፣ ሊዘፍቀው ሆነ። እጅ ለማውረድ ጊዜ የለም። ሻምበሉ ጉልበቱን ገጠመና ዘንጉን ገፋ፣ ከዚያ በቀስታ ሳብ አደረገው። አውሮፕላኑ ላባ እንደወደቀ ያህል አረፈ።

ሻምበሉ ከኋላ ወርዶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ «ጌታዬ፣ አንድ ነገር...» ብሎ ሳይጨርስ ሰውዬው ከአዛዡ ጋር ተቃቅፎ «አዩ አይደል? እጅ እኮ አይረሳም!» እያለ ነበር። ወዲያው ዞሮ ሻምበሉን «ከዚህ ምን ተማርክ?» አለው። ሁሉም አየው። ሻምበሉም «ብዙ ተምሬያለሁ፣ ጌታዬ» አለ። ጥቂት ቆይቶ የሻለቃነት ማዕረግ መጣለት። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች ማዕረግም እንደሚሆን ሳይነግሩት ቀርተው ኖሯል።

ይገርማል፣ ጄኔራሉ አንድም ቀን አልጠረጠረም። ዘንጉ በእጁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል እጁ ይከተላል፤ እሱ ግን እጁ የመራው ይመስለዋል። ቢሮውንም የሚመራው እንዲሁ ነበር። ሌላው ሠርቶ የጨረሰውን ነገር መጨረሻ ላይ ይይዝና «እንዲህ ነው የሚሠራ!» ይላል። ዓይኑን በጨው አጥቦ ቢዋሽ ይሻል ነበር፤ እሱ ግን ከልቡ ነው የሚያምነው። ከውሸታም ይልቅ ውሸቱን ያመነ ሰው ያስፈራል።

ዝናውም ቢሆን አመጣጡ ያው ነው። ወጣት ሳለ ደመና ውስጥ መንገድ ጠፍቶት፣ ነዳጅ ጨርሶ፣ ደረቅ ሐይቅ ላይ ዘጭ ብሎ ወርዶ ነበር። ማዕረጉ በጨመረ ቁጥር ታሪኩም አብሮ ይሾማል። ሻምበል ሲሆን ነዳጁ ማለቁ ቀረና ሞተሩ ተበላሸ። ሻለቃ ሲሆን ሞተሩን ጥይት መታው። ኮሎኔል ሲሆን ተኳሾቹ ሁለት ሆኑ፣ አንዱንም እሱ ጣለው። የተቀረው ሹመት ደግሞ የጥርሱ ነው። አለቆቹ በተጣሉ ቁጥር ጥርሱን ያመውና ሕክምና ፈቃድ ይወጣል። ሲመለስ አንዱ አለቃ ተሽሮ፣ ሌላው ተጠርጥሮ፣ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ያ ጥርስ ስንት አዛዥ እንደቀበረ የጥርስ ሐኪሙ ይንገረን። የሬዲዮ መጠሪያውን ራሱ መርጦ «ንስር» አሰኘው። በመኮንኖች ክበብ ውስጥ ግን ስሙ «ዶሮው» ነበር፤ ዶሮ ክንፍስ አላት፣ መብረር ግን የለም።

ኮሎኔሉ ይህን ሁሉ ያውቃል፣ በዚያም ይኖራል። ጄኔራሉ ወጣት አብራሪዎችን ሰብስቦ ስለ አስተራረፍ ሲያስተምር፣ ኮሎኔሉ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን እያሻሸ በሆዱ ይስቃል። ንቀት ጥሩ ትራስ ነው፣ ያስተኛል። አማቹን በናቀ መጠን ስለ ራሱ ማሰብ አያስፈልገውም ነበር።

የአየር ኃይሉ የምሥረታ በዓል ሲቃረብ ግን እንቅልፉ ተበጠበጠ።

ጄኔራሉ ጡረታው ደርሶ ነበር። ዙሪያውን የሚያሽቃብጡለት «ዛሬም ተዋጊ ጀት የሚያበርን ሰው ማን አርጅቷል ብሎ ያሰናብታል?» እያሉ ጆሮው ላይ ሲያንቆረቁሩበት ከረሙ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ ተነሣ።

«በበዓሉ ዕለት» አለ፣ «ሰልፉን እኔ እከፍታለሁ። በባለ አንድ መቀመጫው ተዋጊ ጀት። ብቻዬን። እንግዶቹ ፊት አሳርፋለሁ። ድምፅ ማጉያ ይተከል፤ ከሰማይ የምናገረውን ሕዝቡ በቀጥታ ይስማ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዋናው ቴክኒሻን አጨበጨበ፣ ሐኪሙ አጨበጨበ፣ ኮሎኔሉም አጨበጨበ። እያጨበጨበ ግን ያስብ ነበር። ባለ አንድ መቀመጫው ከማሰልጠኛው እጥፍ ፈጣን ነው። ሲያርፍ ስህተት አይወድም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የኋላ ወንበር የለውም። ሰውዬው ሊሞት ነው፤ ይህን የሚያውቅ ደግሞ ከኮሎኔሉ በስተቀር ማንም የለም።

ኮሎኔሉም አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ጄኔራሉን ትቶ ሌላ ሌላውን መደብደብ ጀመረ። መጀመሪያ ሐኪሙ ዘንድ ሄደ።

«ዶክተር፣ የጄኔራሉ ደም ግፊት እንዴት ነው?»

«ከኔና ካንተ ይሻላል።»

«ትንሽ ከፍ ብሎ ቢገኝስ?»

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ አየው። «ስማ፣ እኔ ልጆች አሉኝ። ከፍ ብሎ እንዲገኝ የፈለገ ሰው ራሱ መጥቶ ይለካው።»

ዋናውን ቴክኒሻን ደግሞ «አውሮፕላኑ ቢበላሽ ምን ይመስልሃል?» አለው። ቴክኒሻኑ «ይሄ ቢበላሽ ያኛውን አምጡ ይሉናል፣ ያኛውም ቢበላሽ እኛን ያወርዱናል» ብሎ መፍቻውን እያነሣ ሄደ።

ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ የበዓሉን ልብሱን እየተኮሰች ነበር። እንደ ነገሩ ጣል አደረገላት።

«ጋሼ ዘንድሮ ባይበር ይሻለው ነበር።»

ካውያውን አቆመች። «ለምን?»

«ያው ዕድሜ...»

«ዕድሜውን አልጠየቅኩህም። ማሳረፍ ይችላል አይችልም?»

«ይችላል እንጂ» አለ። ቃሉ ሳያስበው ነው የወጣው፤ ልማድ ነው። ሚስቱ ግን ያደገችው ከውሸታም ጋር ነውና ታውቃለች። ካውያውን ነቀለችና አጠገቡ መጥታ ቆመች።

«ልንገርህ። አባታችን ሲሞት እኔ ጫማዬን ማሰር አላውቅም ነበር። ያሳደገኝ ጋሼ ነው። ጉረኛ ነው፣ አውቃለሁ፤ ሰው ከኋላው እንደሚስቅበትም አውቃለሁ። ግን ሌላ ወንድም የለኝም። በየዓመቱ ሲበር እንቅልፍ የሚወስደኝ አንተ ከኋላው ስላለህ ነው። አሁን የሆነ ነገር ካለ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሱ ሂድና ንገረው። ወንድ ሁን።»

በማግስቱ ሄደ። የጄኔራሉ ቢሮ ሰፊ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የነሐስ አውሮፕላን አለ፣ ግድግዳው ላይ ያቺ የደረቅ ሐይቅ አውሮፕላን በትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅላለች። ጄኔራሉ ከሰማይ የሚያደርገውን ንግግር ጮክ ብሎ እየተለማመደ ነበር።

«ና አማቼ! ‹ክንፍ ያለው ትውልድ› ይሻላል ወይስ ‹ትውልድ ያለው ክንፍ›?»

ኮሎኔሉ በሩን ዘጋ። «ጌታዬ፣ አንድ እውነት ልነግርዎት ነው የመጣሁት። ያን ሁሉ ዓመት ያሳረፍኩት እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«አውሮፕላኑን። እርስዎን።»

ጄኔራሉ መጀመሪያ ሳቀ። «እጅህ እኮ ሁልጊዜ ላይ ነው! በመስታወቱ አይህ የለም እንዴ?»

«በጉልበቴ ነው።»

አሁን ከልቡ ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ። «በጉልበቱ! ለከርሞ ደግሞ በአፍንጫዬ ነው ትለኛለህ።» እንባውን ጠረገና ድንገት ፊቱ ተለወጠ። «ቆይ። እህቴን ሰጠሁህ፤ ወሰድክ። ማዕረግ ሰጠሁህ፤ አመሰገንክ። አሁን ደግሞ ያሳረፍኩትን ልትቀማኝ መጣህ? አንተስ ሰው አይደለህም፤ ምቀኛ ነህ።»

የኮሎኔሉ ደም ፈላ። «እሺ፣ ነገ ጠዋት እንውጣ» አለ። «እጄን እሰቅላለሁ፣ ጉልበቴንም ከዘንጉ አርቃለሁ። ብቻዎን ያሳርፉ።»

«እንወጣለን!» አለ ጄኔራሉ።

ሌሊቱን ኮሎኔሉ ያቀደው ነገር ቀላል ነበር። ጄኔራሉ ማበላሸቱ አይቀርም። ሲያበላሽ እሱ እጁን አውርዶ፣ መቆጣጠሪያ ማማው ውስጥ ያሉት ሁሉ በሬዲዮ እየሰሙ፣ «የኔ ነው!» ብሎ ይረከባል። አንዲት አጭር ቃል ናት። ያን ያህል ዓመት ያልተናገራትን አንድ ጊዜ ይናገራል፣ ነገሩ ያልቃል፣ ሰውዬውም ይተርፋል።

ጠዋት ወጡ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ንፋስም የለም። ጄኔራሉ ዙሩን ዞሮ ወደ መንደርደሪያው አቀና፣ እየፎከረ ነው። ኮሎኔሉ እጁን ሰቀለ፣ ጉልበቱን ከፈተ፣ ጠበቀ። እንዳሰበው ሆነ። ፍጥነቱ ወደቀ፣ አፍንጫው ቀና አለ፣ አውሮፕላኑ ክብደቱ ሁሉ መጣበትና ዝቅ ዝቅ ይል ጀመር። ኮሎኔሉ በልቡ «አሁን!» አለ። ቃሉ ከሆዱ ተነሥቶ ጉሮሮው ድረስ መጣ። እዚያ «አዎ ጌታዬ»፣ «እንዴታ ጌታዬ»፣ «ብዙ ተምሬያለሁ ጌታዬ» የሚሉት ሁሉ ቀድመውት ተጎልተው ቆዩት። መሬቱ ግን አይጠብቅም፤ እየቀረበ ነው።

ጉልበቱ ገጠመ። እሱ አላዘዘውም። ዘንጉን ገፋው፣ በቀስታ ሳበው፣ አውሮፕላኑም ላባ እንደወደቀ ያህል አረፈ።

እዚህ ላይ ኮሎኔሉን እንናቀው፤ ይገባዋል። የሰውን ልጅ ከሞት የሚያድን ቃል አፉ ውስጥ ይዞ፣ ከአፉ ይልቅ ጉልበቱ የቀደመ ሰው ነው።

«እህሳ?» አለ ከፊት የጄኔራሉ ድምፅ፣ በደስታ እየተንቀጠቀጠ። «ጉልበትህ የት ሄደ? ተናገር እንጂ!»

ኮሎኔሉ አፉን ከፈተ። «ጥሩ አስተራረፍ ነበር፣ ጌታዬ» አለ።

ጄኔራሉ ወርዶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ምቀኝነት በሽታ ነው፣ አማቼ። እኔ ግን ይቅር ብዬሃለሁ።»

የበዓሉ ዕለት ኮሎኔሉ የመቆጣጠሪያ ማማው ውስጥ ሬዲዮው ፊት ተቀመጠ። ከመስታወቱ ሥር ጥላና ኮፍያ የያዘ እንግዳ ሜዳውን ሞልቶታል፣ ማርሽ ባንዱ ይነፋል፣ ከማማው ሬዲዮ ጋር ተያይዘው በየምሰሶው ላይ የተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች ይንሿሿሉ። ሚስቱ ከባለሥልጣኖቹ ኋላ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷን ወደ ማማው አዙራ ታይ ነበር።

ጄኔራሉ ተነሣ። ማስነሣት ማንም ያስነሣል። በእንግዶቹ አናት ላይ ሲያልፍ «ክንፍ ያለው ትውልድ ሰላም ይላችኋል!» የሚለው ድምፁ ከየምሰሶው ተንቆረቆረ፣ ሕዝቡም አጨበጨበ። ከዚያ ለማረፍ መጣ። ከፍ ብሎ፣ ፈጥኖ፣ መንደርደሪያውን ግማሹን በአየር ላይ ጨርሶት ነበር።

«ንስር፣ አያርፉ፤ እንደገና ይዙሩ» አለ ኮሎኔሉ።

«ንፋሱ ገፋኝ» አለ ጄኔራሉ። ንፋስ አልነበረም። ባንዲራዎቹ ምሰሶው ላይ ተጣብቀው ነበር።

ሁለተኛው ባሰ። ጎማው መሬቱን በአንድ ጎን መታው፣ ፈነዳ፣ አውሮፕላኑ እንደ ኳስ ነጥሮ እንደገና አየር ላይ ወጣ። ሰዎች ጮኹ። ማርሽ ባንዱ ዝም አለ። ሦስተኛውን ዙር ሲዞር ነዳጅ ማለቁን የሚያስጠነቅቀው መብራት በርቶበት ነበር። ከየምሰሶው የወጣው ድምፅ አሁን የጄኔራል አልነበረም፤ መንገድ የጠፋበት ሽማግሌ ነበር።

«አማቼ... ምን ላድርግ? ንገረኝ እንጂ።»

ማማው ውስጥ ያሉት ሁሉ ወደ ኮሎኔሉ ዞሩ። ኮሎኔሉ ታች አየ፣ ሚስቱን አያት። ተነሥታ ቆማለች። ቁልፉን ተጫነ።

«ጌታዬ፣ ማሳረፍ አይችሉም። ወደ ባዶው ሜዳ አዙረው ይዝለሉ።»

«እችላለሁ። አሁን ይዤዋለሁ፣ እችላለሁ።»

«አይችሉም!» አለ ኮሎኔሉ፣ ጮኸ። «ችለውም አያውቁም! ያሳረፍኩዎት እኔ ነኝ! ይዝለሉ!»

ድምፁ ከማጉያዎቹ ሁሉ ወጥቶ ሜዳውን አዳረሰው፤ የሰማ ሁሉ ሰማ። ከዚያ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ባዶው ሜዳ አዞረ፣ የመስታወቱ ክዳን ተወርውሮ ወጣ፣ አንድ ነጭ ፓራሹት ተዘረጋ። አውሮፕላኑ ሣሩ ውስጥ ገብቶ ነደደ። ፓራሹቱ ግን ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳይነዳው፣ ጄኔራሉን መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ደረቅ ሐይቅ ወዲህ ብቻውን ያረፈው ያኔ ነው፤ እሱም እግሩን ሰብሮ።

እንግዲህ የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። ሊልስ የመጣው ብዙ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሬዲዮው «ሞተሩ የከዳው ጀግና ሕዝቡን ለማትረፍ አውሮፕላኑን ወደ ሜዳ መርቶ ዘለለ» ብሎ አወራ። ሰው ሁሉ በጆሮው የሰማውን ደግሞ ቃል አቀባዩ አብራራው። «ኮሎኔሉ ለማለት የፈለጉት፣ እንዲህ ያለ ብልሽት የደረሰበትን አውሮፕላን ማንም አሳርፎ አያውቅም ነው። የቀረው የጭንቀት ንግግር ነው።» ሕዝቡም ተቀበለ። ጆሮውን ከሚያምን ሬዲዮውን ማመን ቀሎት።

በሳምንቱ ኮሎኔሉ ሆስፒታል ሄደ። ኮሪደሩ በአበባ ተጣቦ መተላለፊያ የለውም። ጄኔራሉ እግሩን በጀሶ አስሮ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። የኮሎኔሉ ሚስት መስኮቱ ሥር ብርቱካን እየላጠች ነበር። ሌላ ሰው የለም።

ኮሎኔሉ የሚለውን ሁሉ ተዘጋጅቶበት ነበር የመጣው። ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀመውን ንቀት በትንሽ በትንሹ ሊያፈስለት ፈልጎ ነበር። ጄኔራሉ ቀደመው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያው ቀን። አዛዡ ቆሞ ሲያይ ከነበረው ቀን።»

«አንድም የኔ የለም?»

ኮሎኔሉ ይህን ጥያቄ ሲመኝ ኖሯል። «የለም» አለ።

ጄኔራሉ ጀሶውን በጥፍሩ ቧጠጠ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፣ ጉራ አልነበረበትም። ኮሎኔሉ በዚህ ድምፅ ሲናገር ሰምቶት አያውቅም።

«ያን ቀን ብትነግረኝ ኖሮ እኮ እማር ነበር» አለ። «ገና ጎልማሳ ነበርኩ። ከቢሮ ነው የመጣሁት፣ እጄ ዝጎ ነበር፤ መዛጉንም አውቅ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ፈርቼ ነው ያደርኩት። ከዚያ አሳረፍኩ። ማለቴ፣ ያሳረፍኩ መሰለኝ። እጄ ተመልሷል ብዬ አመንኩ። አንተ ከኋላ ነበርክ፣ እጅህ ላይ ነበር። ማንን ልመን ኖሯል? አስተማሪዬ እኮ ነበርክ።»

ኮሎኔሉ ያጠራቀመውን ንቀት ሁሉ ቢበረብር ለዚህ የሚሆን አንድም አጣ። ሰውዬው ጉረኛ ነው፣ እውነት ነው። ሞኝ ነው፣ እሱም እውነት ነው። ግን ጠይቆ ነበር። «ከዚህ ምን ተማርክ?» ሲለው ሁሉም ቆሞ ሲያይ፣ አፍ ሞልቶ የሚመለስ ጥያቄ ነበር የጠየቀው።

በሩ ተከፈተና ሚኒስትሩ ከነካሜራው ገባ። ጄኔራሉ በቅጽበት ደረቱን ነፋ፣ አገጩን አነሣ፣ ያ ድምፁ የት እንደገባ ጠፋ። «ክቡር ሚኒስትር! ምነው ደከሙ!» ሚኒስትሩ እጁን ጨብጦ፣ ካሜራው በደንብ እስኪይዘው ቆይቶ፣ ወደ ኮሎኔሉ ዞረ።

«ያን ትዕዛዝ የሰጡት እርስዎ ነዎት? ሕይወት አተረፉ! ሕዝቡ ካፍዎ ቢሰማው ደስ ይለዋል። ችግሩ ሞተሩ ነበር አይደል?»

ካሜራው ወደ ፊቱ መጣ። ጄኔራሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሚስቱ ቢላዋዋን አቁማ ትጠብቃለች። ኮሎኔሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ጉልበቶቹ ተጋጥመዋል።

«አዎ፣ ክቡር ሚኒስትር» አለ። «ሞተሩ ነው።»

ቃሉ እንደ ቅቤ ነበር የወጣው። ሚኒስትሩ አመሰገነው፣ ካሜራው ጠፋ፣ ጭፍራው ተግተልትሎ ወጣ። ኮሎኔሉም ወጣ። ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ተከትላው ደረሰችበት፤ የተላጠው ብርቱካን አሁንም እጇ ውስጥ ነበር። ልትቆጣው የመጣች መስሎት ትከሻውን ሰበሰበ። አልተቆጣችም። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ሰዎች ወንድሟን ከኋላው ሲያዩት በነበረው ዓይን።

«ጋሼስ አያውቅም ነበር» አለችና ብርቱካኑን ይዛ ወደ ወንድሟ ክፍል ተመለሰች።